«ግሪም» ያልኳት ከተማ

በዚህ በኮሮና ዊንተር የልጅ ልጄ ሀያት ትምህርቷን የምትከታተለው ከቤት ሆና ነው። ኮሎምበስ ዳር ጋሃና የምትባል ከተማ ያለው የልጄ ሳሎን የእሷም ክፍል፣ የእኔም መዋያ ሆኗል። አስተማሪዋን ታዳምጣለች ይባላል እንጂ ግማሹን ሰዓት ሌላ ነገር ስታነብ እይዛታለሁ። እናቷ ኒው አልባኒ ዌርሃውስ ሺፍት ላይ ስለሆነች የሚቆጣት የለም፤ እኔም አይቼ እንዳላየሁ አልፋለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ግን ብቻዋን ትስቅ ጀመር። ምን አገኘሽ ስላት፣ አንድ ሰው የእንግሊዝ አገርን አስቀያሚ ከተሞች በደረጃ ዘርዝሮ አውጥቷል፤ ከሥር ደግሞ ሕዝቡ እየተቀባበለ ይሳደባል። «ዘ ግሪመስት ታውንስ» ይላል ርእሱ። ከአንደኛዋ ጀምራ ስታነብልኝ ሁለተኛዋ ላይ ደረሰችና የከተማዋን ስም ጠራች።

ሻዩን ወደ አፌ ላደርስ ነበር፤ መልሼ አስቀመጥኩት። የወጣትነቴን ሁለት ዓመት የኖርኩባት ከተማ ናት። ስሟን እዚህ አልጽፈውም። እስካሁን የተሰደበችው ይበቃታል።

ሰው አገር ማጣጣል ለምን እንደሚወድ አይገባኝም። ይህችን ኮሎምበስን ራሷን «ሜዳና በቆሎ፣ ሌላ ምን አላት?» የሚሉ ሞልተዋል፤ አብዛኞቹ መጥተው አላዩዋትም። ሀያት እንዲህ ያለ ነገር ስታነብ ትንጨረጨራለች። ያን ቀን ግን በሰው ከተማ ትስቅ ነበርና፣ ላፕቶፑን ዝጊው፣ አንድ ነገር ልንገርሽ አልኳት። የነገርኳት ይህንን ነው።

ሃያ ዓመቴ ነበር። የደሴ ልጅ ነኝ፤ አዲስ አበባ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ጨርሼ ብረት ማቅለጥ እንድማር ወደ እንግሊዝ ተላክሁ። ከባቡር ስወርድ ጥቅምት ነው፤ ዝናቡ አይዘንብም፣ አያባራም፣ ዝም ብሎ ፊት ላይ ይቀመጣል። የምማርበት ኮሌጅ የላከው አንድ ቀጭን ሰውዬ በትንሽ መኪናው ተቀበለኝ። ቤቶቹ ሁሉ የጠቆረ ጡብ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው የቆሙ ናቸው። ልከፋ ወይስ ልጽናና እያልኩ ሳመነታ መኪናው አንድ ኩርባ ዞረና ብረት ፋብሪካው ፊት ለፊት ተገተረ።

እኔ እስከዚያ ቀን የማውቀው የብረት እሳት ደሴ ገበያ ጀርባ ቀጥቃጩ በወናፍ የሚነፋውን ምድጃ ነው። እዚያ ልጅ ሆኜ ቁጭ ብዬ ስንት ቀን ውዬበታለሁ! ይህ ግን እሳት የሚተፋ የጭስ ማውጫ ከአንዱ እስከ ሌላው የሰማይ ጫፍ ተደርድሮ፣ ወንዙ ቀልቶ፣ ደመናው ከሥሩ ቀልቶ፣ ምድሩ የሚያጉረመርምበት ነው። አጀብ! ሰው ነው ይህን የሠራው? አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሰውዬው መሪውን እንደያዘ ቀና ብሎ አየና ተነፈሰ። «ግሪም፣ ኢዝንት ኢት?» አለኝ።

እንግሊዝኛዬ የመጽሐፍ እንግሊዝኛ ነበር። ያንን ቃል መጽሐፌ ውስጥ አላገኘሁትም፤ ግን መጽሐፍ ምን ያደርግልኛል? ግርም ይላል፣ ግሩም፣ ግርማ። ሰውዬውንም እንደ እኔው ግርም ብሎታል ማለት ነው። ቋንቋ ሁሉ የሆነ ቦታ ላይ ይገናኛል እያልኩ እንደ ሊቅ ተደሰትኩ። «የስ! ቬሪ፣ ቬሪ ግሪም!» አልኩት ከልቤ። ዞር ብሎ አየኝና መኪናውን አፈጠነ።

ማረፊያ ማግኘት ግን እንዲህ ቀላል አልሆነም። አድራሻ ተሰጥቶኝ ሦስት በር አንኳኳሁ። ሦስቱም መልኬን ሲያዩ ክፍሉ ተይዟል አሉኝ፤ አንደኛዋማ «የሚከራይ ክፍል» የሚለው ወረቀት መስኮቷ ላይ እንደተለጠፈ ነው። ኮሌጁም ማረፊያ ያላገኘ ተማሪ መማር ስለማይችል ወደ አገሩ ይመለሳል ብሎ ቁርጡን ነግሮኛል። ደሴ ላይ ዱዓ አድርጎ፣ በግ አርዶ የሸኘኝ ሰፈር ምን ብዬ ተመልሼ እገባለሁ?

አራተኛውን በር የከፈቱልኝ አጭር፣ እጅጌያቸውን የሰበሰቡ፣ ሽርጥ የታጠቁ ባልቴት ናቸው። ኤልሲ ይባላሉ። እኔ በአገሬ ደንብ ማዕረጉን ከራሳቸው ስም ጋር ገጥሜ «ሚስስ ኤልሲ» አልኳቸው፤ እዚያ አገር በባል ስም እንደሚጠራ ማን ነግሮኝ? ፈገግ አሉ እንጂ አላረሙኝም። ስሜን ሰይድ ማለት ሲያቅታቸው እሳቸውም «ሲድ» አሉኝና ተካካስን። ለሁለት ሳምንት ያስቀምጡኛል፤ በሁለተኛው እሑድ ወንድማቸው ስታን መጥቶ ያየኛል፤ ከተስማማን እቆያለሁ፣ ካልሆነ እሄዳለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት የአሳማ ሥጋ ጠብሰው አቀረቡልኝ። ሃይማኖቴ እንደማይፈቅድ እየተሽኮረመምኩ ነገርኳቸው። ሳህኑን አነሡት። በማግስቱ ግን አዲስ መጥበሻ ገዝተው፣ ከሌሎቹ ራቅ አድርገው ለብቻው ምስማር ላይ ሰቅለውታል። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት በዚያ መጥበሻ ጭስ የጠገበ ዓሣ በቅቤ ይጠብሱልኝ ጀመር። ስበላ የሚያዩኝ ዓይኖቻቸው እናቴ ዘንድ ብቻ የማውቃቸው ዓይነት ነበሩ፤ እስክጨርስ አይነቀሉም።

እሑዱ ደረሰ። ስታን ትከሻው በር የሚሞላ፣ እጁ ላይ የእሳት ፍንጣሪ የተወው ነጠብጣብ ያለበት ሰው ነው፤ ሠላሳ ዓመት ምድጃው ላይ ሠርቷል። ሚስስ ኤልሲ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ አንጥፈው፣ ዳቦና ቅቤ፣ የቆርቆሮ ዓሣና ኬክ አቀረቡ። ስታን ስለ አገሬ፣ ስለ ትምህርቴ ጠየቀኝ። ጥሩ እየሄደልኝ ነበር። በመጨረሻ «እሺ፣ ከተማችንን እንዴት አየሃት?» አለኝ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ያዘጋጀሁትን ምስጋና የማወርድበት ጊዜ መጣ። ለአክብሮት ተነሥቼ ቆምኩ። «ከተማችሁ በጣም ግሪም ናት» አልኩ፣ ቃል በቃል እየረገጥኩ። «በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ግሪም ከተማ ያለ አይመስለኝም። ቤቱም ግሪም ነው። ሚስስ ኤልሲም ራሳቸው በጣም ግሪም ናቸው።»

የሚስስ ኤልሲ ፊት ቀላ፤ ገና ያልተጠጣውን ሲኒ ሰብስበው ወደ ማድቤት ገቡ። ያልገባቸው መስሎኝ ልደግመው አፌን ስከፍት ስታን በእጁ አስቆመኝ። «ባሏ የሞተው እዚያ ፋብሪካ ውስጥ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። «ውጣና ጓዝህን አውርድ።»

ፎቅ ላይ ወጥቼ ከሻንጣዬ ሥር መዝገበ ቃላቴን አወጣሁ። ገለጥኩት። ጨፍጋጋ፣ አስፈሪ፣ ተስፋ የሚያስቆርጥ፣ የሚያስጠላ። አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ። በወረቀት አስፍሬ ልሳደብ ብል እንዲህ አይሳካልኝም! እኚያን ሴትዮ፣ በራፋቸውን የከፈቱልኝን፣ አስጠሊታ ነዎት አልኳቸው እኮ።

ሻንጣዬን ይዤ ስወርድ ሚስስ ኤልሲ መጥበሻዬን አጥበው እያደረቁ ነበር። ቀና ብለው አላዩኝም። በጋዜጣ ጠቀለሉና ዘረጉልኝ። «ውሰደው ሲድ» አሉኝ። «እዚህ ሌላ የሚጠቀምበት የለም።»

ያኔ እንባዬ መጣ፤ አላፍርበትም። መዝገበ ቃላቱን አሳየኋቸው፤ በእኔ ቋንቋ ተመሳሳይ ድምፅ ያለው ቃል አለ ብዬ ተንተባተብኩ። ማስረዳት ሲያቅተኝ አደረግሁት፦ ዓይኔን አፈጠጥኩ፣ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብኩ፣ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ሁለቱም እንደ እብድ አዩኝ። ሌላ መንገድ ሲጠፋኝ፣ በደህና ቀን የማልደፍረውን፣ ሚስስ ኤልሲን እጅጌያቸውን ይዤ ኑ ላሳያችሁ አልኳቸው።

መንገዱ መጨረሻ ላይ ከፍ ያለ ቦታ አለ። አሥራ አንድ ሰዓት አልሞላም፤ እዚያ አገር ግን በኅዳር ቀኑ በጊዜ ይጨልማል። ቆመን ስንጠብቅ፣ ከብረቱ የተለየውን የቀለጠ ዝቃጭ የሚወስዱት ፉርጎዎች ከማዶ ዳገቱ ላይ ደረሱና አንድ በአንድ ደፉት። እሳቱ በዳገቱ ወረደ። ሰማዩ በራ። የጠቆረው ጡብ፣ ገመድ ላይ የተረሳው ልብስ፣ የመንገዱ ኩሬ ሁሉ ወርቅ መሰለ። በየቀኑ አይቼው አልለመድኩትም፤ ሳላስበው ትንፋሼን ስቤ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

ሚስስ ኤልሲ የሚያዩት እሳቱን አልነበረም። የእኔን ፊት ነበር። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ሰማዩ ዞሩ። «ይህን ነው ያልከው?» አሉኝ። ይህን ነው አልኳቸው።

በእጮኝነታቸው ዘመን ከባላቸው ጋር እዚህ እየመጡ ይቆሙ እንደነበር፣ ከሞተ ወዲህ ግን በዚህ በኩል ያለውን መጋረጃ ገልጠው እንደማያውቁ ነገሩኝ። ስታን ባርኔጣውን አውልቆ ይዟል። ሠላሳ ዓመት ፊቱን ሲለበልበው ኖሮ ከሩቅ ቆሞ አይቶት እንደማያውቅ ተናገረ። ቤት ስንደርስ ሻንጣዬን ከበሩ አነሣና ራሱ ፎቅ አወጣልኝ። መጥበሻው ወደ ምስማሩ ተመለሰ፤ ሁለት ዓመት ሙሉም እዚያው ተሰቅሎ ኖረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ውስጥ ቃሉ ትርጉሙን ለወጠ። ዓሣውን ሲያቀርቡልኝ «ግሪም ነው ሲድ?» ይሉኛል፤ እኔም ቬሪ ግሪም እላለሁ። አገሬ ከተመለስኩ በኋላም እስኪሞቱ ድረስ ይጽፉልኝ ነበር። ደብዳቤያቸው ሁሉ «እዚህ ሁሉም ነገር እጅግ ግሪም ነው» ብሎ ያልቃል። ሳንሱር የሚያደርግ ሰው አንብቦት ከሆነ እንዴት አዝኖላቸው ይሆን እያልኩ እስቅ ነበር።

ሀያት ይህን ስነግራት ክፍሏን ረስታው ቀረች። ላፕቶፑን መልሳ ከፈተችና የዛሬውን የከተማዋን ፎቶ አሳየችኝ። ምድጃዎቹ ፈርሰዋል፤ ሰማዩ ንጹሕ፣ ዳገቱ ሣር ለብሷል። ለሳንባ ጥሩ ነው፣ አልክድም። እኔ ግን ሆዴ ባባ። የሚሳደቡት ሰዎች ያን እሳት አንድ ምሽት ቢያዩት ምን ይሉ ይሆን?

ሀያት ኮመንት እናድርግ አለችኝ። ምን እንደምትጽፍ ጠየቀችኝና ነገርኳት። በእንግሊዝኛ ጻፈችው፦ «አያቴ እዚህ ከተማ ሁለት ዓመት ኖሯል። በሕይወቱ ካየው ሁሉ እጅግ ግሪም ከተማ ነው ይላል።»

እናቷ ከሥራ ስትመለስ ሀያት እየሣቀች ስልኳን ይዛ መጣች። ኮመንታችንን ሰዉ ላይክ እያደረገው ነው፤ አንዱማ ሽማግሌው እውነቱን ተናገረ ብሎናል። ሁሉም ስድብ መስሏቸዋል። ላርመው ወይ አለችኝ፤ ተዪው አልኳት። አንድ ሰው ብቻ ነበር በትክክል የሚያነበው፤ ሚስስ ኤልሲ በሕይወት ቢኖሩ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ ያነቡትና መጋረጃውን ይገልጡ ነበር።