ኑረዲንና የሚስቱ ኩላሊት

ኑረዲን ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር ውስጥ ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነው። በበረሃዋ ከተማችን የሐምሌ ሙቀት ማቀዝቀዣው የቆመበት ሰው ከሐኪም አስቀድሞ የሚጠራው እሱን ነው፤ እሱም ይህን ስለሚያውቅ አንገቱን ቀና አድርጎ ይገባል። ሁልጊዜ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ "መጀመሪያ መብራቱን እዩ፤ ዕቃው ምን አጠፋ?" ስለ ማቀዝቀዣ የሚያውቀውን ያህል ስለ ራሱ ቢያውቅ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ሚስቱ ሙሚና ፈረንሳዮች ቤት ምግብ ታበስላለች። ከተጋቡ ብዙም ሳይቆይ የኑረዲን ኩላሊት ደከመና እጥበት ጀመረ። ልጅም አጡ። በርጫ ላይ የተቀመጠው ሁሉ ጫቱን እየቃመ በሙሚና ላይ ፈረደ፤ ኑረዲንም ዝም አለ። ዝምታው ተመችቶት ነበር።

ሐኪሙ ግን ነገሩን በፈረንሳይኛ አስረዳ፤ ሙሚና ተረጎመች።

"ኩላሊት ሲደክም የወንዱ ዘር ይሳሳል ይልሃል። እጥበቱ ዕድሜ ያቆያል እንጂ ይህን አይመልስም። ኩላሊት ቢተካልህ ግን ሊመለስ ይችላል።"

"እኛ ዘር ውስጥ መካን ወንድ ተወልዶ አያውቅም በይው!"

ሙሚና ወደ ሐኪሙ ዞራ፣ "ባለቤቴ ያመሰግንዎታል" አለችው።

የራሷን ኩላሊት ሰጠችው። ህንድ ሄደው ተተካለት። ከወራት በኋላ ፊቱ ወዛ፣ ድምፁ ከፍ አለ፤ ምርመራውም ዘሩ መመለሱን አሳየ። ይህን በሰማበት ሳምንት የሰፈሩ ሽማግሌ ወደሆንኩት ወደ እኔ መጣ።

"ጋሼ፣ ሽማግሌ ይሁኑኝ። የሙሐዲንን ልጅ፣ ኻሊዳን ላግባ።"

"ሙሚናስ?"

"እሷማ አልወለደችም። እኔ እንደሆነ ሐኪም መስክሮልኛል!"

እንዲህ ያለ ምስክር አይቼ አላውቅም። ቢሆንም በእኛ ወግ ሁለተኛ ሚስት ለመጠየቅ የሚሄድ ሽማግሌ የመጀመሪያዋን ሳይሰማ አይሄድም። ሙሚናን ጓዳ አገኘኋት፤ ሽንኩርት ትከትፋለች። ዕንባዋ የሽንኩርቱ ይሁን የሌላ፣ አልጠየቅሁም።

"ይሂዱ ጋሼ፤ አልከለክልም። ብቻ የልጅቷ አባት የኑረዲንን ጤና ሲጠይቁ እንዳይደብቁ።"

መደበቅማ ለሽማግሌ ነውር ነው። ካርቲየ 7 ቢስ የሚባለው ሰፈር፣ ሙሐዲን ቤት ተቀመጥኩ። ጥያቄው እንደ ወጉ መጣ።

"ሰውየው ጤነኛ ነው?"

"ጤነኛ ነው። የሚኖረው በሚስቱ ኩላሊት ነው። ዘሩም የተመለሰው በሱ ነው።"

ሙሐዲን የያዘውን ጫት አስቀመጠ። "ኩላሊቷን መልሶላት ነው የሚመጣው?"

"ኧረ ይዞት ነው።"

"እንግዲያው ደግሞ ሲያመው የልጄን ሊጠይቅ ነዋ! ሻይዎን ይጠጡና ይሂዱ፣ ጋሼ።"

ኑረዲን አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ቤቱ ይጠብቀኝ ነበር። መልሱን ሙሚና ፊት ነገርኩት። ሸሚዙ ብቻውን ቆሞ የቀረ መሰለኝ።

ሙሚና ውኃና ክኒን አቀበለችው። "ዋጠው። ሰውነትህ ኩላሊቴን ባዕድ ነው ብሎ እንዳይገፋው ነው። አንተ እኔን እንዳትገፋኝ የሚሠራ ክኒን ግን ህንድም የለም።"

ዋጠ።

"አሁን ጋሼ ሳይሄዱ ተናገር። ልጅ ያጣነው በማን ነበር?"

"በእኔ። መጀመሪያ መብራቱን ማየት ነበረብኝ" አለ።

"ይህንኑ ነገ በርጫው ላይ ድገመው። ከደገምከው እራትህን እዚህ ትበላለህ፤ ካልደገምከው ኩላሊቴን ይዘህ የትም ሂድ።"

በማግስቱ እኔም በርጫው ላይ ተገኘሁ። ተናገረ። ድምፁ ቀጭን ነበር፤ ግን ሁሉም ሰማ።