ፊልም አቋርጠው የሚወጡት ሽማግሌ

ናሆሚ ትኬት በምትቆርጥበት የካናዳዋ ካልጋሪ ሲኒማ ቤት ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የሚመጡ አንድ ሽማግሌ አሉ። ጥቁር ክራባት አስረው፣ ብርድ ልብስ የሚያክል ጃኬት ደርበው፣ ፈንዲሻቸውን እንደ ሕፃን ታቅፈው ይገባሉ። ፊልሙ ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ግን ብድግ ብለው ይወጣሉ፤ አስተያየታቸውን ሳይሰጧትም አይሄዱም።

«ልጁ ትወናው ጥሩ ነው» አሏት ባለፈው ሳምንት። «ግን በዚያ በረዶ ኮፍያ አላደረገም። መኪናውንም ሞተሩ በብርድ እንዳይደርቅ ኤሌክትሪክ ላይ ፕለግ ሳያደርግ ነው ጥሎት የሄደው። ይኼ ነው ዓለምን የሚያድነው?»

ናሆሚ ሳቋ አመለጣት። «ግን ጋሼ፣ ላይክ፣ መጨረሻውን ለምን አያዩትም?»

«መጨረሻ ላይ ሰው ይሞታላ! እኔ የቀበርኩት ይበቃኛል። አሁን ስወጣ ሁሉም ደህና ናቸው።» ክራባታቸውን አስተካክለው ወደ በሩ ሄዱና መለስ አሉ። «ለመሆኑ የልጁ ውሻስ?»

ናሆሚ ፊልሙን አራት ጊዜ አይታዋለች፤ ውሻው ምን እንደሚሆን ታውቃለች።

«ውሻው? ቸስተርሚር፣ ሁሉም የሚመኘው ባለ ሐይቁ ሰፈር፣ ቤት ገዝቶ ገባ፣ ጋሼ።»

«ሐይቁ ፊት ለፊት?»

«ፊት ለፊት።»

«ይኼ ነው ፊልም ማለት!» አሉና ደስ ብሏቸው ወጡ።