ከዳር ያለችው ቡናማ

ጫማ ጠጋኙ ደጃፍ ተራ ስንጠብቅ ወሬ የጀመረችልን አንዲት ሴት ናት። የጠጋኙን ነጠላ ጫማ ተውሳ፣ ተረከዙ የተገነጠለ ጫማ በእጇ ይዛ ትስቃለች።

"ትናንት በደስታ ስሮጥ ነው የገነጠልኩት" አለች።

ሥራዋ ሆስፒታል ላብራቶሪ ነው። ከታማሚ የተወሰደ ሥጋ ከወረቀት ይልቅ ስስ አድርጋ ትቆርጥና መስታወት ላይ አንጥፋ ቀለም ትቀባዋለች። ከማሕፀን ካንሰር ላይ የምትፈልጋት አንዲት ፕሮቲን አለች። ይህች ፕሮቲን ከበዛች የካንሰሩ ሕዋስ ጎረቤቶቹን ጥሎ ይኮበልላል፤ በደረሰበትም ይራባል። ካለች ቡናማ ሆና ትታያለች፤ ከሌለች ሥጋው ሰማያዊ እንደሆነ ይቀራል።

የሰሞኑ ሥጋ ግን የታናሽ እህቷ ነበር። ልብስ ሰፊዋ እህቷ ማሕፀኗን በኦፕራሲዮን አስወጥታ እዚያው ሆስፒታል ምድር ቤት ተኝታለች፤ በሽታው ለመዛመት የሚቸኩል ዓይነት ይሁን አይሁን የሚለየው ይኸው ቀለም ነው። አለቃዋ "ለሌላ ሰው ስጪው" ቢላት፣ "እኔ ቁጭ ብዬ? አይደረግም!" አለችው።

ቆረጠች፣ ቀባች፣ አጠበች። ዓይኗን ማይክሮስኮፑ ላይ ስትደቅን ቡናማ! እዚያው ወንበሯ ላይ ለቅሶዋን ለቀቀችው።

ውጤቱን የሚያነበው ዶክተር ለቅሶዋን ሰምቶ መጣ። አጎንብሶ አየ፣ መስታወቱን በጣቱ ገፋ አድርጎ ደግሞ አየ፤ ከዚያ ሳቁ አመለጠው።

"ምነው ዶክተር፣ ሰው ሲያለቅስ ይሳቃል?"

"ለማን ነው የምታለቅሺው? ይሄ እኮ ራስሽ ከዳር ያስቀመጥሽው የመሞከሪያ ሥጋ ነው!"

እውነቱን ነው። ቀለሙ መሥራቱ እንዲታወቅ፣ ፕሮቲኗ በእርግጥ ያለችበት የሌላ ሥጋ ቁራጭ በየመስታወቱ ዳር ይቀመጣል። ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ መጀመሪያ የምታስተምረው ይህንኑ ነበር፤ ፍርሃት ግን አስረሳት። የእህቷ ሥጋ መሃል ላይ ተዘርግቷል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰማያዊ።

"ሌላውም ምርመራ ንጹሕ ነው" አላት ዶክተሩ። "አልተዛመተም፤ ክትትል ይበቃታል።"

ደረጃውን ስትወርድ አልሮጠችም፣ በረረች፤ ተረከዙም እዚያው ቀረ። አንድ እግሯን እያነከሰች እህቷ ክፍል ገባች።

"ሰማያዊ ነው! ሰማያዊ!"

"ቀስ በይ እንጂ እታለም! አንቺም አጠገቤ ልትተኚ ነው?" አለች እህቷ። ነገሩ ሲገባት አቅፋት አለቀሰች፤ ስትስቅ ደግሞ ስፌቷን እየያዘች "ኧረ አታስቂኝ፣ ልተረተር ነው!" ትላለች። "በይ ሰማያዊ ቀሚስ እሰፋልሻለሁ። ያንን ቡናማ ኮትሽን ግን ዓይኔ እንዳያየው።"

ጠጋኙ ጫማውን አቀበላት። ተጫምታ መሬቱን ጠበቅ ጠበቅ አድርጋ ረገጠችና ቦርሳዋን አነሳች።

"በሉ ደህና ዋሉ! እህቴ አልጋዋ ላይ ሜትሯን ይዛ ልትለካኝ እየጠበቀች ነው። ካረፈድኩ አጥብባ ነው የምትሰፋብኝ፤ አመሏን አውቀዋለሁ!"