እናቴ ቀምሳው የማታውቀው መድኃኒት

እናቴ ከደብረ ኤልያስ ወደ ደብረ ማርቆስ የመጣችው ለሐሞት ጠጠር ነው። ቀዶ ጥገናው ሰላም ነበር። ከዚያ ቁስሉ መግል ያዘ፤ ትኩሳቱ አልወርድ አለ፤ በመርፌ ላይ መርፌ ተወጋች፤ ምንም ለውጥ የለም። ሐኪሙ ወደ ኮሪደር ጠርቶኝ፣ «የመጨረሻ ብለን የምናስቀምጠውንም መድኃኒት ጀርሙ ተቋቁሞታል» አለኝ።

«ኧረ ዶክተር! እናቴ ከራስ ምታት ክኒን ሌላ ቀምሳ አታውቅም። ያልወሰደችውን መድኃኒት እንዴት ይለምደዋል?»

«የለመደው ሌላ ሰው ላይ ይሆናል። አንዱ ጀርም መቋቋሙን ለሌላው ያቀብላል፤ ዓይነታቸው ባይመሳሰልም።»

«ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል በለኛ!»

«የባሰ ነው» አለ። «ውሻው ለጅቡ አቀዳደዱን ያስተምረዋል።»

ሳቅሁ። ወዲያው ሳቄ አናደደኝ፤ እናቴ እየሞተችብኝ እኮ ነው! አፍ የላቸው፣ እጅ የላቸው፣ በምናቸው ነው የሚቀባበሉት? ዛሬም በደንብ አልገባኝም።

ሐኪሙ ማን እንደሚነካት፣ ማንንስ እንደነካች ጠየቀኝ። ምን ልበለው? በእኛ አገር አንድ ሕመምተኛ ሊጠይቅ የገባ ሰው ሌላውን አልጋ ዘሎ አይወጣም። እናቴማ ቀና ማለት እንደ ጀመረች፣ ከመርጡለ ማርያም የመጣላትን ጸበል ይዛ ከአልጋ አልጋ እየዞረች የሁሉንም ግንባርና ሆድ ስታብስ ነው የከረመችው። ለብቻዋ ክፍል ሲያስገቧት፣ «ምነው ልጄ፣ ጸበሉ ነው?» አለችው ሐኪሙን።

«የለም እናቴ፣ ጸበሉ ምን አደረገ! እጅ ነው።»

ቁስሉ እንደገና ተከፍቶ ታጠበ፤ ከአዲስ አበባ የመጡ ሁለት መድኃኒቶች አንድ ላይ ተሞከሩ። ሐኪሙ ራሱ ተስፋ እንዳልነበረው ፊቱ ይናገር ነበር። አንድ ጠዋት ግንባሯን ብነካው ቀዝቅዟል። ሞተች ብዬ ጮኽሁ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ያስጮህሻል?» አለች።

ትኩሳቱ ለቋት ነው። ተመስገን! እልል ልል ስል፣ «ያቺ በስተቀኜ የነበረችው፣ በኦፕራሲዮን የወለደችው አራስስ እንዴት ሆነች?» አለችኝ።

አራሷ ትኩሳት ይዟት እንደኛው ለብቻዋ ክፍል መግባቷን ነርሷ ነግራኝ ነበር። ፊቴን አዙሬ ብርድ ልብሷን ማስተካከል ያዝሁ፤ እሱው አሳበቀብኝ።

«እሷ ናት የሰጠችኝ፣ ወይስ እኔ ነኝ የሰጠኋት?»

ሐኪሙን ጠየቅሁት፤ ማወቅ አይቻልም አለ። ይህንኑ ስነግራት፣ «እንግዲያው መልሼ ልውሰድላት በይው» አለችኝ። ይህን ለሐኪም እንዴት አድርጌ እንደምናገር ጨነቀኝ።