«ደህና» ቁጥር አይደለም

በመጀመሪያ የተሰማኝ ሕመም አልነበረም፤ ቅዝቃዜ ነበር። ግራ እግሬ ከጉልበቴ በታች ወንዝ ውስጥ የቆመ ያህል ቀዘቀዘ። በአካባቢው ግን ውኃ አልነበረም። ሚኒባሱ በጎኑ ተኝቷል። ጭጋግ ነው። አንድ ሰው ስሜን ይጠይቀኛል። ስሜ ቶሎ አልመጣልኝም።

የተገለበጥነው ከነፋስ መውጫ ወደ ደብረ ታቦር ስንመለስ፣ ገሳይን አልፈን ነው። ሾፌሩ መንገዱን የሳተው በጭጋጉ ውስጥ ድንገት ለገቡ በጎች ሲል ይመስለኛል፤ ጩኸታቸውን ሁሉ የሰማሁ ይመስለኛል። አጠገቤ የነበረው መንገደኛ ግን «የምን በግ! ጭነት ያለባት አህያ ናት እንጂ» ይላል። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት ደግሞ ስለ እንስሳ አንዳች አያነሳም። ኮንከሽን፣ ማለትም የአንጎል መናወጥ ስለ ደረሰብኝ፣ በዚያን ሰሞን ራሴ ያየሁትን በኋላ ከተነገረኝ ለይቼ ማውጣት አልችልም። በዩኒቨርሲቲ ታሪክ አስተምራለሁ። የቃል ምስክርነት እንዴት እንደሚመዘን ለተማሪዎቼ ስነግር ኖሬ፣ ሚዛኑን በራሴ ቃል ላይ እንዳነሣ የተገደድኩት ያኔ ነው። ስለዚህ እርግጠኛ ያልሆንኩበትን ቦታ እንደ ደረስኩበት እናገራለሁ።

የተሰበረው ቲቢያ የሚባለው ዋናው የቅልጥም አጥንት ነው። አጥንቱ ቆዳዬን ቀዶ ወጥቷል። ኦፕን ፍራክቸር ይሉታል። የዚያኑ ዕለት ደብረ ታቦር ላይ ቁስሉ ታጠበ። አጥንቱ ኤክስተርናል ፊክሴተር በሚባል፣ ከእግሬ ውጭ በቆመ የብረት ዘንግ ተያዘ። ብረቶቹ በቆዳዬ አልፈው አጥንቴ ውስጥ ገብተዋል። አየኋቸው። ፊቴን አዞርኩ።

ባለቤቴ ዝማም የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህርት ናት። ከክፍል እንደ ወጣች፣ የጠመኔ ብናኝ ከእጇ ሳይራገፍ ነበር የደረሰችው ይሉኛል። ከዚያ በኋላ ያለውን የማውቀው በአብዛኛው በእሷ ትውስታ ነው።

በእኛ አገር የታመመን መጠየቅ ግዴታ ነው፤ በጎ ቃል መመለስ ደግሞ የታማሚው ግዴታ ነው። የሥራ ባልደረባው፣ ጎረቤቱ፣ ከጉና ሥር በበቅሎና በእግር የመጣው ዘመድ ሁሉ አልጋዬ ዘንድ ቆሞ «እግዜር ይማርህ! እንኳን ነፍስህን አተረፋት፤ እንዴት ነህ?» ይለኛል። እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» እላለሁ። አባቴ በሞቱበት ሳምንት ጎንበስ ብለን «እንዴት አደሩ?» ስንላቸው፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ይሉን ነበር። ከዚህ ሌላ መልስ መኖሩን አላውቅም ነበር።

የአጥንት ሐኪሟ ወጣት ናት። አንድ ጠዋት መጥታ ጠየቀችኝ።

«ሕመሙን ከዜሮ እስከ ዐሥር ባለው ቁጥር ቢነግሩኝ፣ ዛሬ ስንት ነው?»

«ደህና ነው፣ ዶክተር።»

«ደህና ቁጥር አይደለም።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልል።»

«ምስጋናውን ለእግዚአብሔር ያድርሱ፤ ለእኔ ቁጥር ይስጡኝ።»

ዝማም ከኋላዋ ሆና «ዘጠኝ ነው» አለች። «የትራሱን ጨርቅ ሲነክስ ነው ያደረው።»

ፋሻው ተፈታ። አንደኛው ብረት የገባበት ቦታ ቀልቶ አብጧል። መግል ይዟል። ሐኪሟ የኢንፌክሽን መድኃኒት በደም ሥር እንዲሰጠኝ አዘዘች። «ኢንፌክሽኑ አጥንት ውስጥ ቢገባ ኖሮ ስለ እግርዎ ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው» አለችኝ። ሌላው ወሬ ምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

በዚያው ሰሞን ነው አቶ ማንያዘዋል የጠየቁኝ። እሳቸው ሚኒባሱ የተመዘገበበት የመድን ድርጅት ሠራተኛ ናቸው፤ ውሉ ተሳፋሪዎችንም ይሸፍን ነበር። ዝማም እንደምትለው ብርቱካን ይዘው መጥተዋል፤ እኔ ሙዝ ነው ባይ ነኝ። የመጡት ለደግነትም ለሥራም ነበር። ምን እንደ ተባባልን አላስታውስም። እንዲያውም የመጡበትን ቀን ከሌላ ቀን ለይቼ የማስታውሰው አይመስለኝም።

ወራት አለፉ። ብረቱ ወጣ፣ በጄሶ ተተካ። በሁለት ክራንች ከአልጋ እስከ በር፣ ከበር እስከ ግቢ መድረስ ጀመርኩ። እግሬ ግን መሬት ሲነካ ከውስጥ የሚንሸራተት ነገር ነበረው። በራጅ ሲታይ አጥንቱ አልገጠመም። ሐኪሟ ኖን-ዩኒየን አለችው። ባሕር ዳር ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል፤ ከዳሌዬ አጥንት ተቆንጥሮ በስብራቱ ላይ ይደረጋል፤ በብረት ሰሌዳም ይታሰራል። ያለዚያ ክራንቹ የዕድሜ ልክ ጓደኛዬ ነው።

ድርጅቱ ጉዳዩን ለመቋጨት የጠራን በዚያው ሳምንት ነው። ያቀረበው ገንዘብ እስከዚያ ለሕክምና ያወጣነውን የሚሸፍን፣ ከዚያም ጥቂት የሚተርፈው ነበር። ከፈረምኩ ግን የመጨረሻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሕክምና ሁሉ በራሴ ነው። እኛ ደግሞ ለቤት መሥሪያ በማኅበር ካጠራቀምነው በቀር ሌላ ጥሪት አልነበረንም። ያም ቢሆን ለቀዶ ጥገናው መብቃቱ ያጠራጥር ነበር። መፈረም ማለት እግሬን ፈርሞ መስጠት ነበር።

ቢሮው የገባነው ብርድ በሆነበት ጠዋት ነው። አቶ ማንያዘዋል አንገታቸውንና አንድ ጉንጫቸውን በሻርፕ ጠቅልለው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው አንዲት የሥራ ባልደረባቸው ነበሩ።

«እንዴት አደሩ፣ አቶ ማንያዘዋል?» አለች ዝማም።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። እናንተስ?» አሉ፤ ከንፈራቸው እምብዛም ሳይከፈት።

ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገባን። ሁለተኛ ቀዶ ጥገና እንደሚያስፈልገኝ ነገርኳቸው። ፋይሉን ገለጡ።

«መምህር፣ ክፉ እንዳይመስልዎት። እኔ ራሴ ሆስፒታል መጥቼ ጠይቄዎታለሁ። ‹በጣም ደህና ነኝ፣ ምንም አልል› ብለውኛል። እኔም የሰማሁትን ጽፌያለሁ። እየተሻለዎት የነበረ ሰው ዛሬ ባሰብኝ ቢሉ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት የባሰው በሌላ ምክንያት ነው ይላል።»

ምን ልበል? አላልኩም እንዳልል፣ አላስታውስም። ብያለሁ እንዳልል፣ አላስታውስም። የማላውቀውን መካድ በማስተምረው ትምህርት ላይ መዋሸት መሰለኝ። «ብዬ ይሆናል» አልኩ። «ማለቴ አይቀርም።»

ዝማም በጎን አየችኝ። ቤታችን እስክንደርስ የምትቆጣኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ወደ ሰውየው ዞረች።

«ጥርስዎን ያመመዎት ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ኧረ ተይው፣ መምህርት! ከእሑድ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም። መንጋጋዬን በመዶሻ ነው የሚለኝ።»

«ቅድም ግን ደህና ነኝ አሉኝ።»

ሻርፑን ወደ ጉንጫቸው ሳብ አደረጉ።

«አሁን ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ‹ለወይዘሮዋ ደህና ነኝ ብለዋታል፤ ስለዚህ አንነቅልም› ቢልዎትስ?»

መጀመሪያ የሳቁት ባልደረባቸው ናቸው። «እሰይ! እኔንም ሰኞ እንዲሁ ነው ያለኝ፤ ምሳችንን ግን አልቀመሰም!» አሉ። አቶ ማንያዘዋልም ሳቅ ቀደማቸው፤ ጉንጫቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው «በማርያም አታስቁኝ፣ ያመኛል!» እያሉ ጎነበሱ። እኔም ሳቅኩ። ከአደጋው ወዲህ በደንብ የሳቅኩበትን ቀን ብጠየቅ ይህንን እጠራለሁ፤ ይህንንስ በደንብ አስታውሳለሁ።

ነገሩ በሳቅ ተጠናቀቀ ብል ግን አንባቢዬን አሳሳታለሁ። ሰውየው ዕንባቸውን ጠርገው እንዲህ አሉን፦ «እኔ ገብቶኛል። ዋናው መሥሪያ ቤት ግን የእኔን ጥርስ አያውቅም። የሐኪም ቃል አምጡልኝ። እስከዚያ አትፈርሙ።» የመጨረሻዋን ቃል ዝቅ ባለ ድምፅ ነው ያሏት። እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

ሐኪሟ ሕክምናው እንዳላበቃ፣ አጥንቱ ያልገጠመው በዚያው አደጋ በደረሰው ስብራት እንደሆነ፣ ቀጥሎም ምን እንደሚያስፈልግ በዝርዝር ጻፈችልን። በሆስፒታል ሳለሁ የሰጠኋት ቁጥሮች፣ ማለትም ዝማም በእኔ ፋንታ የሰጠቻቸው፣ በካርዴ ላይ በየዕለቱ ተመዝግበው ኖሯል፤ እነሱም ተያያዙ። ድርጅቱ ከፍ ያለ ገንዘብ አቀረበ፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመዝጋት ግን አሁንም ይፈልግ ነበር። እኛ እንቢ አልን። የጠየቅነው ነገር ቀላል ነበር፦ ቀዶ ጥገናው አሁን ይከፈል፤ የመጨረሻው ሒሳብ ግን እግሬ የሚድነውን ያህል ድኖ፣ የሕክምና ቦርድ ቋሚ ጉዳቱን ከወሰነ በኋላ ይሁን። ብዙ ምልልስ ነበረው። ስልክ ተደወለ፣ ቀጠሮ ተሻገረ፣ እኔ በተስፋ መቁረጥ «በቃ እንፈርም» ያልኩበት ቀንም ነበር። በመጨረሻ ተስማሙ።

ባሕር ዳር ተኛሁ። ሰመመን ተሰጠኝ። ነቃሁ። ዳሌዬ ከእግሬ ይልቅ አመመኝ። ነርሷ ስትጠይቀኝ «ተመስገን» አልኩና፣ ምላሴ ላይ የመጣውን «ደህና» ውጬ «ስምንት» አልኳት። መርፌውን ወዲያው አመጣችልኝ። ያን ያህል ቀላል ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ሲታወሰኝ እንደ ክረምት መውጫ ነው፤ ጭጋጉ በአንድ ቀን አይገፈፍም፣ ነገር ግን ትናንት ያልታየ ተራራ ዛሬ ይታያል። ፊዚዮቴራፒስቱ ጉልበቴን ማጠፍ እንደ ሕፃን አስተማረኝ፤ ከሁለት ክራንች ወደ አንድ፣ ከአንዱም ወደ አባቴ ከዘራ ተሸጋገርኩ፤ ራጁ በተነሣ ቁጥር በስብራቱ ላይ እንደ ደመና ያለ ነጭ ነገር እየደፈነ መጣ፣ ሐኪሟም ይህ ካለስ ነው፣ አዲስ አጥንት ነው አለችኝ። ዝማም ከትምህርት ቤት ስትመለስ በጋፋት አቅጣጫ ባለው የእግር መንገድ ትንሽ ትንሽ እየጨመርን እንሄድ ነበር፤ ገብሱ ሲያሸት የጀመርነውን መንገድ፣ ገብሱ ሲታጨድ ኮረብታው ድረስ አደረስነው።

ቦርዱ ከጊዜ በኋላ አየኝ፤ ግራ እግሬ በጥቂቱ አጥሯል፣ ቁርጭምጭሚቴም ሙሉ በሙሉ አይታጠፍም። የመጨረሻው ክፍያ በዚያ ላይ ተመሥርቶ ተከፈለ። የጠየቅነውን ሁሉ አላገኘንም፤ በማታው ክፍለ ጊዜ ሳላስተምር የቀረሁበትን ገቢ በከፊል ብቻ ነው የቆጠሩልን። ነገር ግን በእኛ በኩል መረታት፣ በእነሱ በኩልም መታለል ያልነበረበት ስምምነት ነበር። የቤት ማኅበሩም ቁጠባ አልተነካም።

እግሬን ላቆሙልኝ ሐኪሞችና ነርሶች፣ ሕመማቸውን ይዘው ሕመሜን ለሰሙልኝ ለአቶ ማንያዘዋል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ላላስታወስኩት ነገር ሁሉ ምስክር ለሆነችኝ ለዝማም ምስጋናዬ የበዛ ነው። የእኔ ዓይነት አደጋ ለደረሰባችሁ የምመክረው ብዙ አይደለም። አጥንታችሁ ሳይገጥም በመጨረሻው ስምምነት ላይ አትፈርሙ፤ ሕክምናችሁ ማብቃቱን ሐኪማችሁ ይንገራችሁ እንጂ ድርጅቱ አይንገራችሁ። ያላስታወሳችሁትን «አላስታውስም» ለማለት አትፈሩ፤ በቦታው የነበረ ሰው ግን ከጎናችሁ ይኑር። ማመስገንንም አትተዉ፤ አባቶቻችን ያወረሱን መልካም ነገር ነው። ብቻ ከምስጋናው በኋላ ዐረፍተ ነገሩን አትዝጉት፤ የሚያማችሁን ጨምሩበት።

ጉና ላይ በረዶ በጣለ ማግስት እግሬ ዛሬም ያውቃል። ዝማም ከአልጋ ሳልወርድ ትጠይቀኛለች፤ «እንዴት አደርክ?» ማለቱን ትታዋለች።

«ስንት?»

«ተመስገን፤ ሁለት።»