ጋሽ አቧራና ያልተከፈተው ሳጥን

የአንድ ሰው ዕድሜ ተደምሮ ተቀንሶ ምን ይሆናል? ሠላሳ ዓመት ሎጂክ ሳስተምር ይህን ጥያቄ ለተማሪዎቼ ስሰጥ ኖሬያለሁ፤ መልሳቸውንም በቀይ ቀለም አርሜያለሁ። አሁን ጥያቄው ዞሮ እኔው ዘንድ ሲመጣ የሚታወሰኝ አንድም ፈላስፋ አይደለም። የሚታወሰኝ ከደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የኮምፒውተር ሆድ ከፍቶ በቀለም ብሩሽ አቧራ የሚጠርግ ሰው ነው። የዚያ ሰው ዕድሜ ተደምሮ ምን እንደሚሆን አላውቅም። እኔ ከላዩ ላይ ምን እንደቀነስሁበት ግን አውቃለሁ።

ጋሽ አቧራ ነበር የምንለው። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። «ኮምፒውተሬ ተንቀራፈፈብኝ፤ አዲስ ልግዛ ወይ?» ብሎ የመጣውን ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «አቧራው የተጠረገው መቼ ነው?» ብሎ ነበርና። ፎቁ ላይ የምትሠራው ልብስ ሰፊ በደረጃው በወረደች ቁጥር «ጋሽ አቧራ፣ ዛሬስ ስንት ኩንታል ተገኘ?» ትለዋለች። እሱም ቀና ሳይል «ያንቺ መኪና ቢከፈት ከዚህ ይበልጥ ነበር» ይላታል። ረጅም፣ ቀጭን፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ሰው ነበር። አላገባም፤ ያለችው ሌላ ከተማ የምትኖር አንዲት ታላቅ እህት ብቻ ናት።

ሥራውን የጀመረው የታይፕ ማሽን በመጠገን ነው። ታይፕ ከየቢሮው ተጠራርጎ ሲወጣ የሙያ ጓደኞቹም አብረው ወጡ። እሱ ቀረ። እንዴት ቀረህ ቢሉት «ታይፑ ሲወጣ ኮምፒውተሩ ሲገባ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ አንዱን ሸኝቼ ሌላውን ተቀበልሁ» ይላል።

አንድ የማይነቃነቅ ሕግ ነበረው። ባለቤቱ በሌለበት የኮምፒውተር ሳጥን አይከፍትም። «ትቼልህ ልሂድና ነገ ልውሰደው» ያለውን ሁሉ «እንግዲያው ነገ ይዘኸው ና» ብሎ ይመልሰዋል። ባለቤቱን በርጩማ ላይ ያስቀምጣል፤ በራሱ ገላ ያለው ኤሌክትሪክ ዕቃውን እንዳይጎዳው እጁን ብረቱ ላይ ያሳርፋል፤ ከዚያ ይከፍታል። ያወጣውን አሮጌ ዕቃ በወረቀት ጠቅልሎ፣ ምንነቱን በእርሳስ ጽፎበት፣ ለባለቤቱ ያስረክባል። ክዳኑን ከመግጠሙ በፊት ደግሞ በውስጥ በኩል ቁራጭ ወረቀት ይለጥፋል፤ ቀኑንና የገባውን የወጣውን ሁሉ ይጽፍበታል።

«ለማይረባ ነገር ለምን እንዲህ ትደክማለህ?» አልሁት አንድ ቀን።

«እናቴ የልብስ ስፌት መኪና ነበረቻት» አለኝ። «ጠጋኝ ወሰደና አንድ ሳምንት አቆይቶ መለሰላት። በእጇ ስትዳስሰው አንዱ ብረት የእሷ እንዳልሆነ አወቀች። ማን ይመናት? እስክትሞት ድረስ ‹ያ የኔ አይደለም› እንዳለች ነው። የሰው ዕቃ በሰው ፊት ይከፈት፣ መምህር። ያኔ ማንም ማንንም አይጠረጥርም።»

እኔ የሰፈራችን ንባብ ቤት ኮሚቴ አባል ነበርሁ። አንድ ድርጅት ያገለገሉ አሥራ ሁለት ኮምፒውተሮች ሰጠን። ለመነሳት ሩብ ሰዓት የሚፈጅባቸው ናቸው። የቀድሞ መጋዘን ኃላፊ የነበረው ሰብሳቢያችን «ሸጠን ሁለት ሦስት አዲስ እንግዛ» አለ። ጡረታ የወጣችው ነርስ ግን «መጀመሪያ የሚያውቅ ሰው ይያቸው እንጂ» ብላ ጋሽ አቧራን አስጠራችው።

እሱም መጣና አያቸው። «ከአሥራ ሁለቱ አንዱን ስጡኝ፤ ላሳያችሁ። ከወደዳችሁት አሥራ አንዱንም እሠራለሁ» አለ።

ለእሱ ይህ ተራ ሥራ አልነበረም። ከደረጃው ሥር ያለችው ክፍሉ ከነሕንፃው ልትፈርስ ነው። ኮሚቴው ደግሞ ሙከራው ከተሳካ ከንባብ ቤቱ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ክፍል ሊሰጠው፣ ኮምፒውተሮቹንም እያየ እዚያው እንዲሠራ ሊያደርግ ቃል ገብቷል። ዕድሜው ስድሳ ሊሞላ ነው፤ ሌላ መሄጃ የለውም። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር። እኔም አውቅ ነበር።

ለሙከራ የተመረጠውን ማሽን ቤቴ ወስጄ ለአንድ ወር እየጻፍሁበት አይቼው ለኮሚቴው እንድናገር ተወሰነ። ስለዚህ የዚያ ማሽን ባለቤት ተደርጌ በርጩማው ላይ የተቀመጥሁት እኔ ነኝ።

ጋሽ አቧራ ክዳኑን አነሳ። «አንጎሉ ደህና ነው። የሚጎትተው ይሄ ነው» ብሎ ሃርድ ዲስኩን ነቅሎ አሳየኝ። «በውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለው፤ አንድ ቃል ለማግኘት ሲዞር ይውላል። ኤስኤስዲ የሚባለው አዲሱ ዲስክ ግን የሚዞር ነገር የለውም። ሰው አዲስ ኮምፒውተር ከመግዛቱ በፊት መጀመሪያ ይህን ይቀይር። ቀጥሎ ራም ይጨምር።»

«ራሙ ደግሞ ምን ያደርጋል?»

«ጠረጴዛ ማለት ነው። የእርስዎ ጠረጴዛ ጠባብ ቢሆን አንድ መጽሐፍ ለመዘርጋት ሌላውን ወደ መደርደሪያ መመለስ አለብዎት አይደል? ራም ሲያንስ እንደዚያ ነው። የኃይል ሳጥኑ ላይ ግን ሰው አይቆጥብ። ርካሹ ሲሞት ብቻውን አይሞትም፤ ሌላውንም ይዞ ነው የሚሄደው።»

በአንጎሉና በማቀዝቀዣው መካከል የደረቀውን ቅባት ጠርጎ የሩዝ ፍሬ የምታህል አዲስ ቅባት አኖረ። የፋኑን ክንፎች አንድ በአንድ ጠረገ። ማሽኑ ሲነሳ አብረው የሚነሱትን ፕሮግራሞች ዘጋቸው፤ «ሳይጠሩ የሚመጡ እንግዶች ናቸው» እያለ። ዲስኩን ቀየረ፤ አንድ አዲስ ራም ተከለ። ከጎኑ ባዶ የቀረውን መሰኪያ በእርሳሱ ጫፍ አሳየኝ።

«እዚህ ሁለተኛ ይገባል። ሲገኝ ከዚሁ ዓይነት፣ ከዚሁ ፍጥነት ይሁን። የድሮው ትውልድ ራም የሚገባ ይመስላል እንጂ አይገባም፤ እዚህች ጋ ጠርዙ ላይ የተቆረጠችው ክፍተት ቦታዋ ይለያል። ብቻ ይዘውልኝ ይምጡ እንጂ ራስዎ እንዳይሞክሩ።»

«ለምን? እጅ የለኝም?»

«እጅማ አለዎት መምህር። ግን ክርክር የለመደ እጅ ነው። ዕቃ አልገባም ሲል ተዉት ማለቱ ነው፤ እርስዎ ይከራከሩታል።»

አብረን ሳቅን። ደረጃው ላይ የነበረችው ልብስ ሰፊም ሳቀች።

ሦስት ሳምንት እንደ ፈረስ ሮጠልኝ። ቁልፉን ነክቼ መነጽሬን እስካደርግ ድረስ ተነስቶ ይጠብቀኛል። ለባለቤቴ «ይህ ሰውዬ ጠንቋይ ነው» አልኋት። በአራተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ መሳቢያዬን ስፈትሽ አንድ ትንሽ ጥቅል ወረቀት አገኘሁ። ከዓመታት በፊት የሞተው ኮምፒውተሬ ራም ነበር፤ ራሱ ጋሽ አቧራ እንደ ልማዱ ጠቅልሎ ያስረከበኝ። ወረቀቱ ላይ በእርሳስ «ራም፣ አሮጌ ትውልድ» ይላል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አሮጌ የሚለው ቃል ያስቆጣኝ ነበር። አሮጌ ማለት የማይረባ ማለት አይደለም ብዬ ከቁራጭ ወረቀት ጋር ተከራከርሁ። ኮሚቴው ፊት «ሁለተኛውን እኔው ጨመርሁበት» ብል እንዴት ደስ እንደሚለኝም አሰብሁ።

ክዳኑን ፈታሁ። ራሙ አልገባም አለ። ገፋሁት። ገልብጬ ገፋሁት። ቆሜ በሁለት አውራ ጣቶቼ ስጫነው ቀጭ አለ፤ በአንድ ጎኑ ገባ፤ እኔም ገባ አልሁ። ማብሪያውን ስነካው አንድ የተቃጠለ ሽታ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ራሙን ላወጣው ታገልሁ፤ ተነክሶ ቀረ። ክዳኑን መልሼ ገጠምሁበት።

ባለቤቴ ከሌላው ክፍል «ምንድን ነው የተሰበረው?» አለች።

«ምንም።»

«ምንም እንዲህ አይጮህም» አለችኝ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ነበር። ጋሽ አቧራ ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ለአሥራ አንዱ ማሽኖች የሚያስፈልገውን ዕቃ በንጹሕ ወረቀት ዘርዝሮ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ወደ ስብሰባው ስሄድ እውነቱን ለመናገር ወስኜ ነበር ብል ራሴን ማሞገስ ይሆንብኛል። አልወሰንሁም። ማንም ባይጠይቀኝ ብዬ ነበር የምመኘው።

ሰብሳቢው ግን ጠየቀኝ። «መምህር፣ ማሽኑ እንዴት ሆነ?»

«ሦስት ሳምንት በደንብ ሠራ። ከዚያ ሞተ።»

«እሱ ከነካካው በኋላ ማለት ነው?»

«አዎ፣ ከዚያ በኋላ ነው» አልሁ።

በየዓመቱ የመጀመሪያውን ትምህርት የምጀምረው በዚህ ነበር። አንድ ነገር ከሌላው በኋላ መጣ ማለት በሌላው ምክንያት መጣ ማለት አይደለም እያልሁ፣ ሰሌዳው ላይ ጽፌ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰምርበት ነበር። ያን ቀን አምስት ሰዎች ዓይኔ እያየ በዚሁ ስሕተት ገቡ፤ በሩን የከፈትሁላቸውም እኔ ነኝ። አንዲት የሐሰት ቃል ከአፌ አልወጣም። ይህን ለራሴ እንደ መጽናኛ ስነግረው ከረምሁ፤ አሁን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው። በሙያዬ ነው የዋሸሁት።

ሰብሳቢው «ብዬ ነበር፤ የተጠጋገነ ነገር መጨረሻው ይኸው ነው» አለና ነገሩን ዘጋው።

አሥራ አንዱ ተሸጡ፤ ሦስት አዲስ ተገዙ። እኔ ዘንድ ያለውን «እዚያው ይቅር፣ ቆሻሻ ነው» አሉኝ። ወሬው ከስብሰባው ቀድሞ ሰፈሩን አዳረሰ። ልብስ ሰፊዋ በደረጃው ስትወርድ ስለ ኩንታሉ መጠየቋን ተወች፤ ሰላም ብላው ብቻ ታልፋለች። ቀልድ ሲቀር ደንበኛም ይቀራል። ሕንፃው ሊፈርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው በርጩማውን ለእሷ ትቶላት፣ ሁለት ካርቶን ይዞ ወደ እህቱ ከተማ ሄደ። መንገድ ላይ አንድ ቀን ተገናኝተን «ደህና ነዎት መምህር?» አለኝ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ አለፍሁት። ካለፍሁት በኋላ ዞሬ ሳይ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ኪሱን ይዳብሳል።

ባለፈው ዓመት ማረፉን ሰምቼ እህቱ ዘንድ ደወልሁ። በረንዳዋ ላይ የጎረቤት ራዲዮ ይጠግን እንደነበር ነገረችኝ። «ባለቤቶቹ ሥራ ፈተው አጠገቡ እንዲቀመጡ ያስገድዳቸው ነበር፤ ነገሩ ያስቀኝ ነበር» አለች። ማን ልበል ብላ ብትጠይቀኝ «ደንበኛው ነበርሁ» አልኋት።

ሳጥኑ አሁንም ከጠረጴዛዬ ሥር ነው። ባለቤቴ ስትጠርግ ዙሪያውን ትጠርጋለች እንጂ አንድ ቀን ፈቀቅ አድርጋው አታውቅም። በክዳኑ ውስጥ በእርሳስ የተጻፈ ወረቀት አለ፤ ያስገባው ራም አንድ ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ከወረቀቱ ትይዩ ደግሞ እኔ የተከልሁት ሁለተኛው፣ ጎኑ ተሰብሮ፣ ተነክሶ ቆሟል። አዋቂ አያስፈልገውም፤ ማንም ቢያየው ይገባዋል።

ያን ማክሰኞ ሰብሳቢው ነገሩን ከዘጋው በኋላ ጋሽ አቧራ ወንበሩን ሳያንቀሳቅስ ተነሳ። አልተቆጣም። የዕቃውን ዝርዝር አጥፎ ኪሱ ከተተና «አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ» አለ። «ሳጥኑ ይምጣና እዚህ ጠረጴዛ ላይ፣ በሁላችንም ፊት ይከፈት። ጥፋቱ የእኔ ከሆነ እኔም ልየው።»

ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ። «ተከፈተ አልተከፈተ የሞተ አይነሳም፣ ጋሽ አቧራ። ሌላ አጀንዳ አለን።»

ነርሷ ወደ እኔ ዞረች። ቤቴ ከዚያ አዳራሽ አምስት ደቂቃ አይርቅም። «ከባድ ነው፤ እስከዚህ ማን ያመጣዋል?» አልሁ፣ መነጽሬን እየጠረግሁ።

«እኔ እሸከመዋለሁ፣ መምህር» አለ።

ሰብሳቢው ቀጣዩን አጀንዳ ማንበብ ጀመረ።