«ማን ነካሽ?» ስባል የመለስሁት

መጀመሪያ ራሴን አመመኝ። ሐምሌ ነበር፤ ከምንጭ ውኃ ቀድቼ ስመለስ ከዓይኔ ጀርባ አንዳች ነገር ወጋኝና ተንገዳገድሁ፤ እንስራውም ከጀርባዬ ወርዶ ተሰበረ። ቤት ስደርስ ብርድ ብርድ አለኝ፤ ወገቤ ተቆረጠ።

ውኃው ለእኛ ቤት አልነበረም። ጣሊያን መንደራቸውን አቃጥሎባቸው የሸሹ ሰዎች ከቤተ ክርስቲያናችን ደጀ ሰላም ተጠግተው ነበር። እናቴ በየቀኑ ሁለት እንስራ ቅጂላቸው ትለኛለች። እኔም ጤና አዳም አፍንጫዬ ላይ ይዤ፣ እንስራውን ከሩቅ አስቀምጬላቸው እመለሳለሁ። እውነቱን ልናገር፤ ሰልችቶኝ ነበር።

እናቴ ግንባሬን ዳሰሰችና ደነገጠች።

«ማን ነካሽ?» አለችኝ።

«ስደተኞቹ» አልሁ።

ማንም አልነካኝም።

ቃሌ መንደሩን ዞረ። በማግስቱ ስደተኞቹን ከደጀ ሰላሙ አስወጥተው ወደ ወንዙ ዳር ሰደዷቸው። ዝናብ ነበር። አንዲት አሮጊት ብርዱን አልቻሉም። በሦስተኛው ቀን ሞቱ።

ይህን የሰማሁት ኋላ ነው። ያን ጊዜ ራሴን አላውቅም። ትኩሳቱ አነደደኝ። ሆዴና ደረቴ ላይ ቀይ ሽፍታ ወጣ። ምላሴ ደረቀ። ቃዠሁ። ጎረቤቱ ከአጥር ውጭ ቆሞ እግዜር ይማርሽ ይላል እንጂ አይገባም።

በስድስተኛው ቀን የገቡት አንዲት መነኩሲት ናቸው። ከስደተኞቹ አንዷ ናቸው፤ የሞቱት አሮጊት ታላቅ እኅታቸው ነበሩ። ተስቦ ድሮ ይዞኝ ድኛለሁ፣ አይደግመኝም ብለው ከእናቴ እጅ ተቀበሉኝ። ጥጥ በውኃ እየነከሩ ከንፈሬ ላይ ያንጠባጥቡልኛል። ጠጉሬንም ላጩኝ። «እንግዲህ እኔን መሰልሽ፤ የቀረሽ ቆቡ ነው» ሲሉ መሳቄን አስታውሳለሁ።

ትኩሳቱ ጋብ ሲል አባቴ ሰው ይዞ በቃሬዛ ቡሬ ከተማ ወሰደኝ፣ ወደ ጣሊያኑ ሐኪም። ሐኪሙ «ቲፎ» አለ፤ አስተርጓሚው «ተስቦ» አለን። ከዚያ ሐኪሙ የለበስሁትን ጋቢ ገልብጦ ስፌቱን አየው። ጋቢው የአባቴ ነው፤ አባቴ ከሚሠራበት የጣሊያን መንገድ ሥራ ሰፈር ለብሶት መጥቶ፣ ከመታመሜ በፊት ጀምሮ እኔ እተኛበት ነበር። ሐኪሙ ተናገረ፤ አስተርጓሚው ተረጎመልን።

«ሕመሙን ያመጣው የዚህ ጋቢ ቅማል ነው። በትንፋሽ አይተላለፍም። ልብሱን ሁሉ ቀቅሉት።»

አባቴ አንገቱን ደፋ። ቤት እንደገባን ወንዙ ዳር ወርዶ ስደተኞቹን እግራቸው ላይ ወድቆ ለመናቸው፤ ወደ ደጀ ሰላሙም መለሳቸው። ልጄ ተሳስታ ነው አላቸው። አለመሳሳቴን ግን እኔ አውቃለሁ።

ከዚያ ወዲያ ማገገም ሆነ፤ አጥሚት እየጠጣሁ፣ ግድግዳ ይዤ እየተራመድሁ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ብቅ ስትል ደጅ ስቀመጥ፣ እማሆይ ከተሰበረው እንስራዬ ገል ላይ በከሰል ፊደል እየጻፉ ያስቆጥሩኝ ጀመር፤ እኔም «ሀ» ብዬ ጀምሬ መስከረም ሳይጠባ የራሴን ስም ጻፍሁ፣ በደስታም እናቴን ከማድቤት ጎትቼ አምጥቼ አሳየኋት።

አደይ አበባው ሲፈነዳ እማሆይ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ተነሡ። በአፌ ማውጣት ስላቃተኝ በገል ላይ አንድ ቃል ጽፌ ሰጠኋቸው። «ይማሩኝ።»

አንብበው ወደ እኔ ቀና አሉ።

«ማንም አልነካኝም ነበር» አልኋቸው። «ውኃ መቅዳቱ ሰልችቶኝ ነው።»

«በገባሁ ዕለት ስትቃዢ ነግረሽኛል፣ ልጄ።»

እኔ ዘንድ በገቡበት ዕለት እኅታቸውን ከቀበሩ ገና ሁለተኛ ቀናቸው ነበር። ይህን ሰምተውም ጥጡን ከከንፈሬ አላነሡም።

«በይ፣ ተማርሽ» ብለው ገሉን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ፊደሉን ማለታቸው ይሁን ሌላውን፣ ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ።

ይኸው አባቴ ባመጣልኝ ወረቀት በራሴ እጅ እጽፋለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፤ እማሆይንም ባሉበት ይጠብቅልኝ። ተስቦ ቤታችሁ ቢገባ፣ የታማሚውን ልብስ ቀቅሉ፣ ጠጉሩን ላጩ፣ ውኃ ጥቂት በጥቂቱ አጠጡ። ታማሚውን «ማን ነካህ?» አትበሉት፤ የሚመልሰው ለሌላው ሞት ይሆናል።

ከስደተኞቹ የሚመለሱበት አገር የሌላቸው ዛሬም ደጀ ሰላሙ ላይ አሉ። በየቀኑ ሁለት እንስራ እቀዳላቸዋለሁ። ከሩቅ ማስቀመጡን ትቻለሁ፤ ቀርቤ አጠጣቸዋለሁ።